መምህርነት ያልሆነለት ሊቅ፤ የዶክተር ሳሙኤል ጆንሰን ሕይወትና የአንድ የተረሳ ግስ ነገር

ለማኅበራችን መታሰቢያ በሚዘጋጀው በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ጽሑፍ እንዳበረክት በታዘዝሁ ጊዜ፥ ከብዙ ዘመን በፊት ስላለፈ ስለ አንድ የታወቀ ሰው ሕይወት ለመናገር ወደድሁ። ይሁን እንጂ ወደዚህ ሰው የመራኝ ታላቅ ነገር ሳይሆን አንድ የተረሳ የእንግሊዝኛ ግስ ነውና፥ አስቀድሜ የግሱን ነገር ለክቡራን መምህራን ላስረዳ ይገባኛል።

በናይሮቢ ከተማ ኪሊማኒ በተባለው ሠፈር ከልዩ ልዩ አገር ሰዎች ጋራ ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰቦችም ይኖራሉ። ኪሊማኒ ማለት በሰዋሒሊ ቋንቋ በኰረብታው ላይ ማለት ነው። የእነዚህ ቤተ ሰቦች ልጆች በቤታቸው አማርኛ፥ በመንገድ ሰዋሒሊ፥ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሲናገሩ ይውላሉ። አንድ ሰው ሌላውን በስሙ ሲጠራ በአማርኛ ጠራ፥ በሰዋሒሊ ኩኢታ፥ በእንግሊዝኛ ኮል እንደሚባል ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል። በዚያ ሠፈር ሳስተምር አንድ ቀን ማክቤዝ የተባለውን የሼክስፒርን ቲያትር በምናነብበት ሰዓት፥ ከእነዚህ ልጆች አንዲቱ እጅዋን አንሥታ ክሌፕት የሚል ቃል አሳየችኝና ትርጕሙን ጠየቀችኝ። ቃሉን አላውቀውም ነበር። ነገር ግን አለማወቄን በክፍሉ ፊት መግለጽ የሚያዋርደኝ ስለ መሰለኝ፥ የአታሚ ስሕተት መሆኑንና ኬፕት ተብሎ መታረም እንደሚገባው ነገርኋት። ልጅቱም አምናኝ ቃሉን በእርሳስ ሰርዛ እኔ ያልሁትን ጻፈችበት።

ማታ ግን ኅሊናዬ ዕረፍት ስለ ነሣኝ መዝገበ ቃላት አውጥቼ ብመረምር፥ ስሕተቱ የአታሚው ሳይሆን የእኔ ሆኖ ተገኘ። ግሱ ክሊፕ ነው፤ ክሌፕት የተባለው የእርሱ ርባታ ነው። ትርጕሙም ጠራ፥ ሰየመ ማለት ነው። ምንጩ ክሊፒያን የተባለው የጥንታዊው እንግሊዝኛ ግስ ሲሆን፥ በዚያ ዘመን ጮኸ፥ ተጣራ፥ ጠራ የሚሉትን ሁሉ ይዞ ይነገር ነበር። በ1400 ዓ.ም. የሞተው ታላቁ ባለ ቅኔ ቾሰር ዘወትር ይጠቀምበት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ነገር ግን ከ8ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ከሰሜን ባሕር ማዶ እየመጡ በእንግሊዝ አገር የሰፈሩት ሰዎች ካላ የሚል የራሳቸውን ግስ ይዘው ነበርና፥ ዛሬ ሁላችን የምናውቀው ኮል ከዚያ ተገኘ። ሁለቱ ግሶች ለብዙ ዘመን ጎን ለጎን ሲነገሩ ኖረው እንግዳው ባለ አገሩን ከቤቱ አስወጣው። በሼክስፒር ዘመን ክሊፕ ያረጀ ቃል ሆኖ ነበር፤ ዛሬም ኢክሌፕት በሚል መልክ ለቀልድ ያህል አልፎ አልፎ ከመጻፉ በቀር ጠፍቷል።

በቲያትሩ ውስጥ ንጉሥ ማክቤዝ ሰው ለማስገደል ሁለት ሰዎች አስጠርቶ ሲያነጋግራቸው፥ እነርሱ ሰው መሆናቸውን ይነግሩታል። እርሱም አዳኙም ጠባቂውም ልክስክሱም ሁሉ ውሻ ተብሎ እንደሚጠራ፥ ዳሩ ግን እያንዳንዱ በጠባዩና በሥራው እንደሚለይ ያስረዳቸዋል። የንግግሩ ኀይል ያለው መጠራት በሚለው ግስ ላይ ነው። እኔ ኬፕት ብዬ ባረምሁት ጊዜ ግን ውሾቹ በስም የተጠሩ መሆናቸው ቀርቶ የተጠበቁ ሆኑና ነገሩ ሁሉ ፈረሰ። የእኛ አገር የቅኔ ተማሪ ይህን አይስተውም ነበር። ግዕዙ ጸውዐ፥ አማርኛው ጠራ እንደሚል፥ ጸውዐ ከገበያና ከሜዳ ቢጠፋም በመጻሕፍትና በጸሎት ውስጥ በሕይወት እንዳለ፥ ግስ በሚቈጥርበት ጊዜ ይማረዋልና።

በእንግሊዝ አገር ማክቤዝን ቃል በቃል እየመረመሩ ያረጁትን ቃላት ለአንባቢ ለማስረዳት ከደከሙት ሰዎች መካከል፥ በ1745 ዓ.ም. ስለዚሁ ቲያትር አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ያሳተመ አንድ ድኻ ጸሐፊ ነበረ። ይህም ሰው ሳሙኤል ጆንሰን ነው። ሕይወቱን ባነበብሁ ጊዜ ተግሣጽም መጽናናትም ስላገኘሁበት ለእናንተ ላካፍላችሁ ወደድሁ።

ሳሙኤል ጆንሰን በመስከረም ወር 1709 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሊችፊልድ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሚካኤል ጆንሰን መጽሐፍ ነጋዴ ነበር፤ የተማረና የተከበረ ቢሆንም ዕዳ የማይለየው ሰው ነበር። ሕፃኑ ገና በጨቅላነቱ የአንገት ዕጢ በሚያሳብጥና በሚያቈስል በሽታ ተይዞ ፊቱ ጠባሳ ሆነ፤ አንደኛው ዓይኑም ለማየት እስኪሳነው ድረስ ተጐዳ። በዚያ ዘመን የንጉሥ እጅ ይህን በሽታ ይፈውሳል የሚል እምነት ስለ ነበረ፥ በ1712 ዓ.ም. እናቱ ወደ ሎንዶን ወስዳ ንግሥት አን በእጅዋ እንድትዳስሰው አደረገች፤ ነገር ግን አልዳነም። ካደገ በኋላም ፊቱና እጆቹ ሳያዝዛቸው የሚንቀሳቀሱበት ጠባይ ነበረው። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን በአባቱ ሱቅ ውስጥ ያሉትን መጻሕፍት እንደ ራበው ሰው ያነብባቸው ነበር።

በ1728 ዓ.ም. በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ወደ ፔምብሮክ ኮሌጅ ገባ። እዚያም በላቲን ቋንቋ ችሎታው ተደነቀ፤ ይሁን እንጂ ከጫማው ውስጥ ጣቶቹ እስኪታዩ ድረስ ድኻ ነበር። አንድ ሰው አዝኖለት አዲስ ጫማ በደጃፉ ቢያኖርለት፥ ምጽዋት መስሎ ስለ ታየው በቍጣ ወርውሮ ጣለው። ከ13 ወር በኋላ ገንዘብ ስላለቀበት ትምህርቱን ሳይፈጽም፥ ማዕርግም ሳይቀበል ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1731 ዓ.ም. አባቱ ሞተ፤ የቀረችለትም ውርስ እጅግ ጥቂት ነበረች።

ከዚህ በኋላ ያለው የሕይወቱ ክፍል በተለይ እኛን መምህራንን የሚመለከት ነው። ጆንሰን እንጀራውን በማስተማር ለማግኘት ፈለገ። በ1732 ዓ.ም. በአንድ የገጠር ከተማ ረዳት መምህር ሆኖ ተቀጠረ፤ ነገር ግን ኑሮው እስር ቤት ስለ መሰለው ጥቂት ወራት ቈይቶ ተወው። ሌላ ቦታ ሲጠይቅም የዩኒቨርሲቲ ማዕርግ ስለሌለው፥ የፊቱም መንቀጥቀጥ ልጆቹን ያስታል ተብሎ ስለ ተፈራ አልተቀበሉትም። በ1735 ዓ.ም. ከእርሱ 20 ዓመት ያህል የምትበልጠውን ባሏ የሞተባትን ኤልሣቤጥ ፖርተርን አገባና፥ በእርስዋ ገንዘብ በሊችፊልድ አጠገብ ኤዲያል በተባለ መንደር የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። ማስታወቂያም በጋዜጣ አሳተመ። ነገር ግን የመጡት ተማሪዎች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ፤ እነርሱም በሁኔታው ይሣለቁበት ነበር። ትምህርት ቤቱ ብዙም ሳይቈይ ተዘጋ፤ የሚስቱም ገንዘብ አብሮ ጠፋ።

በ1737 ዓ.ም. ጆንሰን ከተማሪዎቹ አንዱን ዴቪድ ጋሪክን አስከትሎ ወደ ሎንዶን ሔደ። ተማሪው ከጥቂት ዓመታት በኋላ የእንግሊዝ አገር ስመ ጥር የቲያትር ተጫዋች ሆነ፤ መምህሩ ግን ለብዙ ዓመታት ለመጽሔት እየጻፈ በድኽነት ኖረ። በሌሊት መጠጊያ አጥቶ በከተማው አደባባይ እየተመላለሰ ያደረበት ጊዜ ነበር። በ1746 ዓ.ም. የሎንዶን መጽሐፍ ነጋዴዎች ተማክረው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እንዲያዘጋጅላቸው በ1,575 ፓውንድ ተዋዋሉት። የረዳቶቹንም ደመወዝ ከዚያው ላይ የሚከፍል እርሱ ነበር። በፈረንሳይ አገር ይህን የመሰለውን ሥራ 40 ሊቃውንት ያሉበት አካዳሚ ከብዙ ዓሥርት ዓመታት ድካም በኋላ በ1694 ዓ.ም. አሳትሞት ነበር። ጆንሰን ግን ብቻውን በ3 ዓመት እፈጽመዋለሁ ብሎ ተነሣ፤ የፈጀበት ግን ወደ 9 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ነው።

ሥራውን ያከናወነው ጎፍ ስኩዌር በተባለው ስፍራ በተከራየው ቤት ሰገነት ላይ ነበር። ስድስት ጸሐፊዎች ነበሩት፤ ከእነርሱም አምስቱ የስኮትላንድ ሰዎች ነበሩ። ዘዴው እንዲህ ነበር። በመጀመሪያ እርሱ ራሱ የታላላቅ ደራስያንን መጻሕፍት ያነብባል፤ ሊገባ የሚገባውን ቃል ከነዐረፍተ ነገሩ በእርሳስ ያሰምርበትና የቃሉን መጀመሪያ ፊደል በኅዳጉ ላይ ይጽፋል። ጸሐፊዎቹም ይህን በቍራጭ ወረቀት እየገለበጡ በፊደል ተራ ያኖሩታል። ከዚያም ጆንሰን የቃሉን ምንጭና ትርጕም ይጨምርበታል። መጻሕፍቱን ያዋሱት ወዳጆቹ ንብረታቸው በእርሳስ ተጨማልቆ ሲመለስላቸው ሳያዝኑ አልቀሩም። እንዲህ ሆኖ ከ42 ሺህ በላይ ቃላትና ከደራስያን የተወሰዱ 114 ሺህ ያህል ምስክሮች ተሰበሰቡ። ከእርሱ በፊት የነበሩት የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ጭንቅ ጭንቅ የሆኑትን ቃላት መተርጐም ያበዙ ነበር፤ እርሱ ግን ቃል በአገባቡ እንጂ በራሱ ብቻ እንደማይታወቅ በምስክር አሳየ።

ከሥራው ሁሉ ያደከሙት ቀላል የሚመስሉት ግሶች ነበሩ። የእኛን በላ ብንመለከት፥ እንጀራ በላ፥ ገንዘብ በላ፥ ዝገት በላው፥ እሳት በላው እያልን አንዱን ግስ በብዙ መንገድ እናዞረዋለን። ጆንሰንም ቴክ ለሚለው ወሰደ ለምንለው ግስ 134 ልዩ ልዩ አገባብ ቈጠረለት። ስላረጁት ቃላት ደግሞ ማስተዋል የተሞላበት መንገድ ያዘ። ከንግግር የጠፋ ቢሆንም ሰዎች ዛሬም በሚያነብቧቸው ታላላቅ መጻሕፍት ውስጥ የሚገኘውን ቃል በመዝገቡ አስገብቶ፥ ከአገልግሎት መውጣቱን ከጎኑ ያመለክታል። አንባቢ በመጽሐፍ ያገኘውን ቃል የሚያስረዳው ሰው እንዳያጣ፥ ጸሐፊም ያረጀውን ቃል ሳያውቅ እንዳይጠቀምበት ብሎ ነው። ሥራውን በጀመረ ጊዜ ቋንቋውን እንዳይለወጥ አድርጎ ለማጽናት ያስብ ነበር። ሲፈጽመው ግን ቃላት እንደ ሰው እንደሚወለዱና እንደሚሞቱ፥ የመዝገበ ቃላት ጸሐፊም ይህን ሊከለክል እንደማይችል ተረዳ፤ መሳሳቱንም በመቅድሙ ላይ ሳያፍር አስታወቀ።

መጽሐፉ ሳይታተም በ1752 ዓ.ም. ሚስቱ ሞተች። የድካሙን ፍሬ ሊያሳያት ይመኝ ነበርና ኀዘኑ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተወውም። ሎርድ ቼስተርፊልድ የተባለ መኰንን በ1747 ዓ.ም. የሥራው ዕቅድ ቀርቦለት ሳለ፥ ጆንሰን በችግር ሲደክም አልረዳውም ነበር። መጽሐፉ ሊወጣ ሲቃረብ ግን እንደ ደጋፊ ሆኖ የምስጋና ጽሑፍ በጋዜጣ አወጣ። ጆንሰን በየካቲት ወር 1755 ዓ.ም. በላከለት ደብዳቤ፥ ርዳታ በሚያስፈልግበት ቀን ያልመጣ ዛሬ ቢመጣ እንደማይጠቅመው በጨዋ ቃል ነገረው። በዚሁ ዓመት ሚያዝያ 15 ቀን መዝገበ ቃላቱ በሁለት ታላላቅ ጥራዝ ታተመ። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲም ቀድሞ ያላገኘውን ማዕርግ ሰጠው። ነገር ግን ክብር ዕዳ አይከፍልምና፥ በሚከተለው ዓመት 6 ፓውንድ ለማይሞላ ዕዳ ተይዞ የወዳጁ ገንዘብ አስፈታው።

መጽሐፉ ስሕተት አልነበረበትም ማለት አይደለም። የቃላትን ምንጭ በሚናገርበት ቦታ ብዙ ጊዜ ስቷል። የፈረስ እግር ከሰኮናው በላይ ያለውን ክፍል የሚያመለክተውንም ቃል የፈረስ ጕልበት ብሎ ተረጐመው። አንዲት ሴት ለምን እንዲህ እንደ ጻፈ ብትጠይቀው፥ ብልኀት ያለው ማመካኛ ይሰጠኛል ብላ ስትጠብቅ፥ ያለማወቁ ብቻ እንዳሳተው በግልጥ ነገራት። በእንግሊዝ አገር ቃላትን እንደ እርሱ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ አለማወቁንም እንደ እርሱ በቀላሉ የተናገረ ጥቂት ነው። እኔ አንዲት ተማሪ ብትጠይቀኝ ያልተቻለኝን፥ እርሱ በዝናው ከፍታ ላይ ሳለ አደረገው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ይህ ሰው እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያ መጽሐፉ ስለ አገራችን ነበር። ከ1625 እስከ 1634 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የኖረው የፖርቱጋል ኢየሱሳዊ ዤሮኒሞ ሎቦ የጻፈውን የጕዞ ታሪክ፥ ጆንሰን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 ዓ.ም. ታተመለት። ድካም ስለ ተጫነው አልጋው ላይ ተኝቶ እየነገረ ጓደኛው ይጽፍለት ነበር፤ የተከፈለውም 5 ጊኒ ብቻ ነው። በ1759 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፥ ለብዙ ዓመታት ያላያት እናቱ ስትሞት የቀብርዋን ወጪና ዕዳዋን ለመክፈል በአንድ ሳምንት ማታ ማታ አንድ ልብ ወለድ ጻፈ። ይህም ራሴላስ ነው። የኢትዮጵያ ነገሥታት ልጆች በአምባ ግሸን ይጠበቁ የነበረውን ታሪክ ይዞ፥ አምባውን በአማራ ግዛት ወደሚገኝ ደስታ የሞላበት ሸለቆ ለወጠው። ልዑሉ ከእኅቱና ኢምላክ ከተባለው ባለ ቅኔ ጋራ ወጥቶ የሰው ልጅ በየትኛው ኑሮ ደስ እንደሚለው በግብጽ አገር ይፈልጋል፤ ሁሉንም ከመረመረ በኋላ ወደ አገሩ ለመመለስ ይወስናል። መጽሐፉን የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል።

በ1762 ዓ.ም. ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ በያመቱ 300 ፓውንድ ጡረታ ቈረጡለት፤ ጆንሰንም ከዚያ ወዲህ ስለ እንጀራ አልተጨነቀም። በ1765 ዓ.ም. የሼክስፒርን ሥራዎች ከነማብራሪያቸው አሳተመ፤ ከ1779 እስከ 1781 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ ባለ ቅኔዎችን ሕይወት ጻፈ። ሕይወቱን በዝርዝር የጻፈለት ወዳጁ ቦዝዌል ያወቀው በ1763 ዓ.ም. ነበር። በቤቱ ድኾችንና በሽተኞችን ያኖር ነበር። በጃማይካ በባርነት ተወልዶ ነጻ የወጣውን ፍራንሲስ ባርበርን እንደ ልጅ አሳደገው፤ ትምህርት ቤት አስገባው፤ በመጨረሻም ዋና ወራሹ አደረገው። የባሪያ ንግድን አጥብቆ ይጠላ ነበር።

ከሕይወቱ ታሪክ ሁሉ ከልቤ የማይጠፋው አንድ ነው። በወጣትነቱ አባቱ ታሞ በኡቶክሴተር ገበያ መጽሐፍ የሚሸጥበትን ቦታ እንዲጠብቅለት ቢለምነው፥ በትዕቢት እንቢ ብሎት ነበር። 50 ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፥ ስሙ በአውሮፓ የታወቀ ሽማግሌ ሆኖ ሳለ፥ ወደዚያው ገበያ ሔደና አባቱ ይቆምበት በነበረው ስፍራ ራሱን ገልጦ በዝናም ውስጥ ለረዥም ጊዜ ቆመ። ቃልን ወደ ምንጩ መመለስ የለመደ ሰው በደሉንም ወደ ተሠራበት ቦታ ተመልሶ ንስሓ ገባበት። በታኅሣሥ 13 ቀን 1784 ዓ.ም. በ75 ዓመቱ ዐረፈ፤ የእንግሊዝ ነገሥታትና ታላላቅ ሰዎች በሚቀበሩበት በዌስትሚኒስተር ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

እርሱ በሞተ በ2ኛው ዓመት፥ በወዳጅነት ማኅበሩ አባል የነበረው ሰር ዊልያም ጆንስ ሳንስክሪት፥ ግሪክና ላቲን ከአንድ ጥንታዊ ቋንቋ የተወለዱ መሆናቸውን በካልካታ አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ የቃላት ምንጭ ምርምር በጽኑ መሠረት ላይ ቆመ። ከ1884 እስከ 1928 ዓ.ም. በክፍል በክፍል የታተመው ታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላትም ጆንሰን በጀመረው መንገድ እያንዳንዱን ቃል በምስክር ያስረዳል። ዋና አዘጋጁ ጄምስ መሪ የትምህርት ቤት መምህር የነበረ ሰው ነው። በአገራችንም መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ ግስና መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሲደክሙበት ኖረው፥ ሳይታተም ስላረፉ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር አሳትመውታል። አንዱ ሲያርፍ ሌላው እየተቀበለ ሦስት ሊቃውንት ያደረሱት ሥራ ነው። ዛሬ አንድ ተማሪ የጸውዐን ምንጭና ርባታ ቢጠይቀን የምናሳየው መጽሐፍ ያገኘነው በእነርሱ ድካም ነው።

እኔም በማግሥቱ ኪሊማኒ ወዳለው ክፍሌ ስገባ፥ ትምህርቱን ከመጀመሬ በፊት ትናንት የተናገርሁት ስሕተት መሆኑን በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት ገለጥሁ። የግሱን ምንጭ ከጥንታዊው እንግሊዝኛ ጀምሬ አስረዳኋቸው፤ በሰሌዳውም ላይ ክሊፕን፥ ኮልን፥ ኩኢታን፥ ጠራንና ጸውዐን በተራ ጻፍሁላቸው። ልጅቱም ላጲስዋን አውጥታ እኔ ያስጻፍኋትን አጠፋችና የተሰረዘውን ቃል ወደ ቦታው መለሰችው። ያ ክፍል ከዚያ ቀን ወዲህ ጥያቄ አብዝቶ ይጠይቀኝ ጀመር፤ መልሱን ያላወቅሁበትም ቀን ብዙ ነበር። በእንዲህ ያለው ቀን ከተማሪዎቼ ጋራ መዝገበ ቃላቱን እንገልጣለን።